የፊቱ ስቲከር አይ5 ይላል

ባሕር ዳር፣ ፔዳ በር አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ የኮፒ ማሽን፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበር። ከኮምፒውተሮቹ አንዱ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 ነው። ጥቁር ነው። አናቱ ላይ የቡና ሲኒ የተወው ክብ ምልክት አለበት። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እሱ ነው።

ጠዋት ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ የምነካው የእሱን ቁልፍ ነበር። ከዚያ ደጁን እጠርጋለሁ። አቧራው እንዳይነሳ ውሃ እረጫለሁ። የኮፒ ማሽኑን ወረቀት እሞላለሁ። ከጎረቤቴ ከፍራፍሬ ሻጯ ጋር የልጆቹን ጤና እንጠያየቃለን። ተመልሼ ስቀመጥ እነዚያ ነጫጭ ነጥቦች ገና ይዞራሉ። አንድ ቀን እልህ ያዘኝና በስልኬ ሰዓት ለካሁት። ቁልፉን ከተጫንኩ ጀምሮ ዎርድ ተከፍቶ የመጀመሪያዋን ፊደል እስክመታ ድረስ 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ።

ይህንንስ ለምጄው ነበር። ያስመረረኝ ያለፈው ግንቦት ነው። ግንቦት ለእኛ ሠርጋችን ነው፤ ተማሪው ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉን ታቅፎ ይመጣል። ከዘንዘልማ ግቢ የመጣ አንድ ልጅ ስለ እምቦጭ ያጠናውን 112 ገጽ በፍላሽ ይዞ ተቀመጠ። ጣና ዳር ያነሳቸው ፎቶዎች በየገጹ አሉ። ገጽ 40 አካባቢ ስንደርስ ማውሱ ደረቀ።

«እትዬ፣ ቆመ እኮ።»

«ይነሳል፣ ትንሽ ታገሥ።»

አልተነሳም። ልጁ 9 ሰዓት ላይ ማስረከብ ነበረበት። ፍላሹን ነቅሎ ወደ ሌላ ቤት ሮጠ። የቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም። ሲወጣ እኔን ላለማስከፋት ብሎ ፈገግ ማለቱ ነው።

የእህቴ ልጅ ፖሊ ግቢ ነው የሚማረው። «አክስቴ፣ ይሄን ጉድ ጣይውና አዲስ ግዢ» አለኝ። «አንተ ልትከፍልልኝ ነው?» ስለው ዝም አለ። ከዚያ እንደ ምክር አድርጎ «እንግዲያው ሲፒዩውን ቀይሪው» አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ሲፒዩ የምንለው ሳጥኑን በሙሉ ነው። «ሲፒዩዬን ጥገና ቤት ወሰድኩት» ያለ ሰው ጥቁሩን ሳጥን በባጃጅ ጭኖ ሄዷል ማለት ነው። በትክክለኛው ስሙ ግን ሲፒዩ ማለት ውስጡ ያለችው ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ፕሮሰሰር ናት። ልጁ ፕሮሰሰሯን ነው ያለው፤ እኔ ሳጥኑን ነው የሰማሁት። በዚህ ስንነታረክ አንድ ምሽት አለቀ። ጥገና ቤት ስትሄዱም ይህን ነገር አጥሩ። «ሲፒዩ ይቀየርልኝ» ብላችሁ ምን እንደሚገጥማችሁ አይታወቅም።

እኔ ኮምፒውተር ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ሥራ የጀመርኩት በኦሊቬቲ የአማርኛ ታይፕራይተር ነው። ግን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ የተማርኩት ነገር አለ፤ ዕቃ ከመጠየቅህ በፊት ያለህን ቁጠር። ስለዚህ አንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር ከፈትኩና ቆጠራ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሳጥኑን ሳልከፍት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ንኩ። ሲፒዩ የሚለው ላይ ስገባ ቀኝ ጥግ ከላይ የፕሮሰሰሩ ስም ተጽፏል። «ኢንቴል ኮር አይ3-2120፣ 3.30 ጊጋኸርዝ» ይላል።

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት። ደግሜ አነበብኩ። አይ3።

የሳጥኑ ፊት ላይ የተለጠፈው ሰማያዊ ስቲከር ግን አይ5 ይላል። በ2013 ዓ.ም. ዩዝድ ስገዛው አይ5 ነው ተብዬ ነው የከፈልኩት። የሸጠልኝ ሰው ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ፣ እግዜር ይወቀው። ለማረጋገጥ ሌላም መንገድ አለ። ዴሎች ላይ ሰርቪስ ታግ የሚባል 7 ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ይለጠፋል። እሱን የዴል የድጋፍ ገጽ ላይ ስታስገቡ ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ምን እንደነበረው ይዘረዝራል። አስገባሁት። ሲወለድም አይ3 ነበር። ስቲከሩ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው።

ሚሞሪ የሚለውን ነካሁ። 4 ጊጋ ራም። ፍጥነቱ 1333። ከ4 ማስገቢያ 2ቱ ተይዘዋል። ይህ ደስ የሚል ዜና ነው፤ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው።

ከዚያ ዲስክ የሚለው ላይ ደረስኩ። ሁሉ ነገር የበራልኝ እዚህ ጋ ነው። ዎርድን ከፍቼ ያንን ስክሪን እያየሁ ተቀመጥኩ። ፕሮሰሰሩ 9 በመቶ እየሠራ ነው፤ ማለትም እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ዲስኩ ግን 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ አልወርድም ብሏል። ራሙም ጢም ብሏል።

እኔ ይህን በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው የተረዳሁት። ፕሮሰሰሩ ኃላፊው ነው። ራሙ የኃላፊው ጠረጴዛ ነው። ሃርድ ዲስኩ መዝገብ ቤት ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ አንድ ፋይል ለማስቀመጥ ሌላውን ወደ መዝገብ ቤት መመለስ ግድ ይላል። የእኛ መዝገብ ቤት ደግሞ ምድር ቤት ነበር። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ኃላፊው ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል። እንግዲህ እኔ ሻይ ለሚጠጣው ኃላፊ ሹመት ልጨምርለት ነበር።

ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ነው። የእኔው በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 120 ማለት ነው። ፈጣን ይመስላል። ግን የሚፈለገው ነገር የተጻፈበት ቦታ መርፌው ሥር እስኪደርስ መጠበቅ አለ። መርፌዋም ከቦታ ቦታ ትሮጣለች። ለእያንዳንዷ ቁራጭ ፋይል ይህ ይደገማል። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚጠራቸው ቁርጥራጭ ፋይሎች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። በሃርድ ዲስክ ምትክ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚባል ዲስክ ግን ሳህንም መርፌም የለውም። የሚጠበቅ ዙር የለም።

የዲስኩን ጤና ለማየት የእህቴ ልጅ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫነልኝ። ጤነኛ ዲስክ ሰማያዊ ይሆናል። የእኔው ቢጫ ነበር፤ ተጠንቀቂ ማለቱ ነው። ከ31 ሺህ ሰዓት በላይ ሠርቷል። ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ቢሠራ ሦስት ዓመት ተኩል ነው። የተበላሹ ቦታዎቹን በመጠባበቂያ ቦታዎች መተካት ጀምሯል። በዚያው ዕለት የደንበኞቼን ፋይል በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥኩ። ሌላው ሁሉ ይቆይ፣ ይህን ግን አታሳድሩ።

ሲፒዩ-ዚ የሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም ደግሞ አለ። እሱ የማዘርቦርዱን፣ ማለትም ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ነገር ይናገራል። ፕሮሰሰሯ የምትቀመጥበት ሶኬት 1155፣ ፕሮሰሰሯን ከሌላው ዕቃ ጋር የሚያገናኘው ቺፕሴት ኪው65 አለኝ። ደብተሬ ላይ «ኪው65» ብዬ ጻፍኩና ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ገጹን ገለበጥኩት። ይህች ቁጥር በኋላ ዋጋ አስከፈለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳጥኑን በባጃጅ ወደ ቤት አመጣሁት። ሽምብጥ ነው የምኖረው። ጭኔ ላይ አቅፌው ኮብልስቶኑ ላይ ስንገጫገጭ ቢጫው ዲስክ እንዳያልፍለት ጸለይኩ።

ገመዱን በሙሉ ነቅዬ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኜ ያዝኩ። ውስጡ የቀረውን ኮረንቲ ለማስወጣት ነው። የዚህ ዴል ክዳን ካቻቢቴ አይፈልግም፤ ከጎኑ ያለውን እጀታ ሳብ ሲያደርጉት ይለቃል። ስከፍተው የእህቴ ልጅ ወደ ኋላ ሸሸ። ማቀዝቀዣው ላይ የተጋገረው አቧራ በርኖስ ይመስላል። ግራጫና ወፍራም። ጥግ ጥጉ ላይ ደግሞ የደረቁ ትንኞች ተከምረዋል። የሐይቅ ዳር ኑሮ ይኸው ነው፤ ማታ መብራት ስታበሩ ከጣና የሚነሳው ትንኝ እናንተ ቤት ያድራል። ማራገቢያው ደግሞ ወደ ውስጥ ይስበዋል።

በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት። ጎሚስታ ጋ ወስደው በጎማ አየር የሚያስነፉ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ አልመክርም፤ ኮምፕረሰሩ ውሃና ዘይት ይተፋል። ብሩሽና ትዕግሥት ይበቃል። ማራገቢያውን ስታጸዱም በጣታችሁ ያዙት፣ አትልቀቁት። በኃይል እንዲሽከረከር ከተለቀቀ ይጎዳል። ዕቃዎቹን ከመንካታችሁ በፊት ያልተቀባ ብረት ንኩ፤ ሰውነታችን ላይ ያለው ስታቲክ ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ችግሮቼ ዲስኩና ራሙ እንደሆኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ያ ስቲከር ከነከነኝ። ለአይ5 ከፍዬ አይ3 ይዤ መኖር አልዋጥልህ አለኝ። ስለዚህ ከኤስኤስዲውና ከራሙ ጋር አይ5 ፕሮሰሰርም ፈለግሁ። ዩዝድ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ቤት ሄጄ «ለሶኬት 1155 የሚሆን አይ5» አልኩ። አይ5-3470 አወጡልኝ። «ሶኬቱ አንድ ነው፣ ይገባል» አሉኝ። በኩራት ይዤ ተመለስኩ።

መግባቱስ ገባ። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ይህን ሥራ በጣም ወድጄዋለሁ። መጀመሪያ የማቀዝቀዣውን አራት ብሎኖች ሰያፍ ሰያፉን ትንሽ ትንሽ እያላሉ መፍታት ነው። ስታነሱት ይጣበቅባችኋል፤ በግድ አትንቀሉት፣ ግራና ቀኝ አወዛውዙት። ከሥሩ ቴርማል ፔስት የሚባለው ልጥ አለ። የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው እሱ ነው። የእኔው ደርቆ ኖራ ሆኗል። ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ስጠርገው ከሥሩ የተቀረጸው ጽሑፍ ብቅ አለ። አይ3-2120። ስቲከር ሊዋሽ ይችላል፤ ብረቱ ላይ የተቀረጸው አይዋሽም።

ከዚያ በጎን ያለችውን የብረት ዘንግ ወደ ታች ጫን፣ ወደ ጎን ገፋ፣ ወደ ላይ ማንሳት። ክፈፉ ይከፈታል። ፕሮሰሰሯን ጫፍና ጫፏን ይዞ ቀጥ ብሎ ማንሳት። የዚህ ዓይነት ፕሮሰሰር እግር የለውም። እግሮቹ ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው። 1155 ቀጫጭን የወርቅ ቀለም ያላቸው እግሮች፣ እንደ ጤፍ ቡቃያ ተደርድረው። አንዷ ከጎበጠች ማዘርቦርዱ ሊቀር ይችላል። እዚያ ላይ ትንፋሼን ያዝኩ። አዲሷን ሳስገባ ጥግ ላይ ያለችውን የወርቅ ሦስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለው ምልክት ጋር አገናኘሁ። ምንም መግፋት የለም፤ በራሷ ነው የምትተኛው። ልጥ መሐሏ ላይ እንደ ሽምብራ ፍሬ ጠብ። ማቀዝቀዣውን መለስኩ።

አበራሁት። ማራገቢያው ጮኸ። ስክሪኑ ጥቁር። የፊቱ መብራት ብርቱካንማ ሆኖ ቀረ።

እግር አጎበጥኩ ብዬ አላበኝ። ፈታሁት። የእህቴ ልጅ በስልኩ ካሜራ እያቀረበ 1155ቱን እግር በየረድፉ አየ። ሁሉም ቀጥ ብለዋል። አሮጌዋን አይ3 መለስን። ወዲያው ተነሳ። አይ5ቱን መለስን። ጥቁር።

በማግስቱ ጊዮርጊስ አካባቢ የሚጠግን አንድ ወጣት ጋ ሄድኩ። ደብተሬን አየና ሳቀ።

«እትዬ፣ ራስዎ ጽፈውታል እኮ! ኪው65 ይላል።»

«ምንድነው እሱ?»

«ሶኬቱ ይገባል፣ ቋንቋው አይገባውም። ይሄ ሰከንድ ጀነሬሽን ብቻ ነው የሚቀበል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለተኛው ትውልድ ጀምሮ የኢንቴል ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የመጀመሪያዋ አሃዝ ትውልዱን ነው የምትናገረው። 2120 ሁለተኛ ትውልድ ነው። 3470 ሦስተኛ። ሁለቱም ሶኬት 1155 ላይ ይቀመጣሉ። ኤች61ን የመሳሰሉ ቺፕሴቶች ያላቸው ቦርዶች ባዮሳቸው (ማሽኑን የሚያስነሳው የውስጥ ፕሮግራማቸው) ሲታደስ ሦስተኛውንም ይቀበላሉ። ለቢሮ ማሽን የተሠሩት ኪው65፣ ኪው67ና ቢ65 ግን ለሦስተኛው ትውልድ የተዘጋጁ አይደሉም። በደብተሬ ላይ መልሱን ጽፌ ይዤ ገበያ ወጥቼ ተሳሳትኩ። ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም።

የሸጡልኝ ሰዎች «የተሸጠ አይመለስም» አሉ። ግማሽ ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ በአይ5-2400 ለወጡልኝ፤ ይህኛው ዋጋው ያንስ ነበር፣ ልዩነቱን ግን አልመለሱም። እኔም ደከመኝና ተውኩት።

2400 አራት ኮር አለው፤ የቀድሞው ሁለት ነበር። ከ65 ዋት ወደ 95 ዋት ስለሚያድግ የበለጠ ይሞቃል። ስለዚህ ልጡንም ማቀዝቀዣውንም በደንብ አጽድቼ፣ ለሁለት ቀን የሙቀቱን ቁጥር እያየሁ ዋልኩ። ደህና ነው። ለእኔ ሥራ ምን ለወጠ ካላችሁኝ፣ ከምር፣ ብዙም አልለወጠም። ዎርድ ዎርድ ነው። ትልቅ ፒዲኤፍ ሲሠራ ትንሽ ይፈጥናል። አሁን ባለኝ ዕውቀት ገንዘቡን ይዤ ብመለስ አልገዛውም ነበር። ግን ስቲከሩ እውነት ሆነ። ልልጠው ነበር፣ ተውኩት።

ራሙ ቀላል ነው ብዬ ነበር፤ እሱም ወጥመድ አለው። ይህ ማሽን ዲዲአር3 ነው የሚፈልገው። ዲዲአር4 ቢገፉትም አይገባም፤ መሐሉ ላይ ያለው ቆረጥ ቦታው ይለያል። የላፕቶፕ ራም አጭር ስለሆነ ማንም አይሳሳትበትም። የሚያሳስተው ከሰርቨር የወጣ ራም ነው። ርካሽ ነው፣ መልኩም አንድ ነው። መለያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የእኔው «ፒሲ3-10600» ይልና መጨረሻው ላይ «ዩ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። እሷ የዴስክቶፕ ናት። «አር» ካለ የሰርቨር ነው፤ በነፃ ቢሰጧችሁም ለዚህ ማሽን አይሆንም።

ሁለት ባለ 4 ጊጋ ገዛሁ። ጥንድ ሆነው ሲገቡ በሁለት መንገድ ስለሚሠሩ ይሻላል። አሮጌዎቹን ሁለት ባለ 2 ጊጋዎች ወደ ቀሩት ማስገቢያዎች አዛወርኳቸው። በድምሩ 12 ጊጋ። መጀመሪያ ሳበራው አልነሳ አለ፣ መጮህ ጀመረ። እንደገና ሊያልበኝ ሲል የድሮው ዘዴ ትዝ አለኝ። የትምህርት ቤት ላጲስ! የራሙን የወርቅ ጥርሶች በላጲስ ቀስ ብዬ አሸሁና ፍርፋሪውን በብሩሽ ጠረግሁ። ሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» እስኪል ጫንኩት። ተነሳ። ዩዝድ ራም ስትገዙ ላጲስ ይዛችሁ ሂዱ።

ኤስኤስዲው ባለ 240 ጊጋ ነው። ዋጋውን አልጽፍም፤ ዛሬ ብጽፈው የሚቀጥለው ሳምንት ውሸታም እባላለሁ። ብቻ አዲስ ኮምፒውተር ከሚጠይቀው ጋር አይወዳደርም። መጠኑ ከሃርድ ዲስኩ ስለሚያንስ የራሱ ማሰሪያ ቦታ የለውም። ማሰሪያ ፍሬም ይሸጣል፤ እኔ በሁለት ፊት ፕላስተር ለጠፍኩት። የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ምንም አይሆንም። አሮጌው ላይ ያለውን ዊንዶውስ መገልበጥም ይቻል ነበር። ዲስኩ ቢጫ ስለሆነ በሽታውን አብሬ እንዳልገለብጥ ፈራሁ። ከአዲስ ጫንኩት። ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ12ን ደጋግሞ መጫን፣ ፍላሹን መምረጥ፣ ከዚያ መጠበቅ። ቡና አፈላሁ። ሁለተኛውን ሳልቀዳ አለቀ።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ ረስቼ። ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም የተቀመጠች ባትሪ አለች። ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። የእኔዋ ሞታለች። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ወደ 2011 ይመልሰዋል። በፈረንጅ አቆጣጠርም አይደለን፣ በእኛም አልፎናል። ቀኑ ሲሳሳት ኢንተርኔቱ ገጾቹን «አስተማማኝ አይደሉም» ብሎ አልከፍትም ይላል። ለወራት ኔትወርኩን ስራገም ነበር። ባትሪዋን ከሰዓት ሠሪ ገዛኋት። በጥፍር ገፋ ስታደርጓት ትወጣለች፤ ጽሑፉ ያለበት ፊቷ ወደ ላይ።

የእህቴ ልጅ የጌም ካርድም ይገባ ነበር ብሎ ነበር። ፓወር ሰፕላዩን አሳየሁት፤ 265 ዋት ይላል። ከሚሰካበት ማስገቢያ ብቻ ኮረንቲ የሚወስድ አነስተኛ ካርድ ካልሆነ አይችልም። እኔም የጽሕፈት ቤት ነው ያለኝ አልኩት። አለቀ።

አሁን ቁልፉን ከተጫንኩ ዎርድ እስኪከፈት 35 ሰከንድ ነው። ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ ስላላመንኩ። መጥረጊያውን ሳላነሳ ይጠብቀኛል።

የቀረው የዊንዶውስ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። የእኔው ሁለተኛ ትውልድ ነው፤ ኤስኤስዲ ብትሰጡትም ትውልዱ አይቀየርም። በዘዴ አታልለው የሚጭኑ አሉ። እኔ የሰው ጽሑፍ የሚያድርበት ማሽን ላይ አላደርገውም። ስለዚህ የኤስኤስዲውን ግማሽ በዊንዶውስ ፈንታ ለሚሠራው፣ አርማው አረንጓዴ ለሆነው ነፃ ሲስተም ለሊነክስ ሚንት ሰጠሁት። ኢንተርኔትና ኢሜይል በሚንት፣ የአማርኛ ጽሕፈት በፓወር ግዕዝ በዊንዶውስ፣ እሱም ኔትወርኩ ተነቅሎ። ፍላሽ ከመከፈቱ በፊት ሚንት ላይ ይታያል። ደንበኞቼ መጀመሪያ ግር አላቸው፤ አሁን «እትዬ፣ በአረንጓዴው ክፈቺልኝ» የሚሉ አሉ።

ቢጫው ሃርድ ዲስክ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ዩዝድ ገዢው አንድ ሁለቴ ጠየቀኝ። አልሸጥም። የስንቱ ሰው ሲቪ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ እላዩ ላይ አልፏል። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ የጠፋ ፋይል መልሶ የሚያወጣ ፕሮግራም በየቦታው አለ። ሳህኖቹን በመዶሻ እሰብራቸዋለሁ ብያለሁ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ከመሰበሩ በፊት ውስጡ ያሉትን ሁለት ማግኔቶች ስጪኝ ይላል። ኃይለኛ ናቸው፤ ጣት ይቆነጥጣሉ። ለቅዳሜ ከሰዓት ቀጠሮ ይዘናል፣ መዶሻ ይዞ ይመጣል።